ከእናትሽ ጋር እንግሊዝ ገጠር ስትወጪ፦ አሮጌ ሆቴል እንዴት ይመረጣል?

ለንደን የምትኖር አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «በነሐሴ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ሁለት ወይ ሦስት ሌሊት ገጠር ወስጄ ባሳድራት ደስ ይለኛል። የትም ብትሄጂ አንድ ዓይነት የሆነውን ሆቴል አልፈልግም። ታሪክ ያለው፣ ግርማ ያለው አሮጌ ቤት እንዲሆን ነው የምመኘው። መኪና የለኝም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ጾምም አታፈርስም። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሁሉም ‹ታሪካዊ ነኝ› ይላል። በምን ልለየው?»

እህቴ፣ ጉልበታቸውንና ጾማቸውን ከመጀመሪያው ማንሳትሽ ሥራውን በግማሽ አቅልሎታል። አብዛኛው ሰው ፎቶ አይቶ ይከፍላል። ስለ ደረጃው የሚያስበው ሻንጣውን ተሸክሞ ሥሩ ሲቆም ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። አሮጌ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል አይመሳሰልም። በአዲስ ሆቴል 204 ቁጥርና 304 ቁጥር ያው ናቸው፤ የትኛውን ብትይዢ ለውጥ የለውም። አምስት መቶ ዓመት የቆየ ቤት ግን በየዘመኑ ተቀጥሎበታል፣ ተከፍሏል፣ ጣሪያው ዝቅ ብሏል፣ ወለሉ ተንጋዷል። አንዱ ክፍል ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። ጎረቤቱ ያለው ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ በላይ ስለሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ሳቅ ይሰማበታል። ዋጋቸው ግን ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ ሆቴል ስለመረጥሽ ምርጫው አላለቀም። ክፍሉንም በስሙ ወይም በቁጥሩ ለይተሽ መያዝ አለብሽ። ይሄ ደግሞ በቡኪንግ ዌብሳይት አይሆንም፤ ስልክ ያስፈልገዋል።

ስትደውዪ ሪሴፕሽን ላይ ያለውን ሰው «ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ አሉ፤ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ስንት ደረጃ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። «ሊፍት አላችሁ ወይ?» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ብዙዎቹ የላቸውም፤ ምክንያቱም ሕጉ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ታሪካዊ ሕንፃዎች ይመዘገባሉ። ግሬድ ዋን፣ ግሬድ ቱ ስታር፣ ግሬድ ቱ የሚባሉ እርከኖች አሏቸው። ሕንፃው አንዴ ከተመዘገበ ባለቤቱ ያለ ልዩ ፈቃድ መስኮት መቀየር፣ ግድግዳ ማፍረስ፣ ሊፍት መግጠም አይችልም። የምትወጂው ጠማማ ወለልና ባለ ትናንሽ መስታወት መስኮት የተረፈልሽ በዚሁ ሕግ ነው። የመኪና ድምፅ በነጠላው መስታወት የሚገባውም በዚሁ ነው። አንዱን ያለ ሌላው አታገኚም። ስለዚህ የትኛውን አለመመቸት መቻል እንደምትችሉ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ «ሁሉም ታሪካዊ ነኝ ይላል» ወደሚለው ልምጣ። ይሄን ማጣራት ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የሚባለው የመንግሥት ተቋም የተመዘገቡትን ሕንፃዎች በሙሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። የሆቴሉን ስም አስገቢ። ቤቱ በየትኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ፣ የቱ ክንፍ በኋላ እንደተጨመረ፣ ፊቱ መቼ እንደታደሰ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ብዙ ጊዜ ከመንገድ ሲታይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጡብ ቤት የሚመስለው፣ ከኋላው የ15ኛው ወይም የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ቤት ደብቆ ይገኛል። ሆቴሉ ራሱ በዌብሳይቱ ከሚለው ይልቅ እኔ ይህን መዝገብ አምናለሁ።

ዓመት ሲጠሩልሽም «የቱ ክፍል ነው ያን ያህል ዕድሜ ያለው?» በይ። ለምሳሌ ራይ በምትባለው የደቡብ ምሥራቅ ከተማ ያለው ሜርሜድ ኢን 1156 የሚል ዓመት ይጠራል። ይሄ ዓመት የመሬት ውስጥ ጓዳው ነው። ላዩ በ1420 እንደገና የተሠራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 1420ም ቢሆን ትንሽ ዕድሜ አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ስለምትተኚበት ክፍል ምንም አይነግርሽም።

ሜርሜድን ካነሣሁ አይቀር፣ እንግሊዝ ውስጥ ካሉት አሮጌ ማረፊያዎች ሁሉ ፎቶው በጣም የሚያማልለው እሱ ይመስለኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሆክኸርስት ጋንግ የሚባሉ ኮንትሮባንዲስቶች ሽጉጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይጠጡበት ነበር ይባላል። ለእናትሽ ግን አልመርጠውም። ሆቴሉ ያለበት ሜርሜድ ስትሪት ዳገት ነው። የተነጠፈውም ክብ ክብ ባለ ድንጋይ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ስንጥቅ አለ፣ ላያቸው ደግሞ ለስልሷል። ዝናብ ከነካው ጤነኛ ጉልበት ያለውም ሰው ግድግዳ ይዞ ነው የሚወርደው። አንቺ ሌላ ጊዜ ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂበት።

እንዲህ ያሉ ከተሞች እንዴት እንደተረፉ ማወቅ ለመምረጥ ይረዳሻል። አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ሀብታም የነበሩና በኋላ ሀብቱ ጥሏቸው የሄደ ቦታዎች ናቸው። ራይ ወደብ ነበረች፤ ወደቡ በደለል ተሞላና ባሕሩ ራቃት። በሰፎክ ያለችው ላቨንሃም በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሱፍ ጨርቅ ንግድ የናጠጠች ነበረች። ንግዱ ሲወድቅ ሰው አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ አጣ። ስለዚህ የእንጨት ቤቶቹ እየተንጋደዱም ቢሆን እስካሁን ቆመዋል። እዚያ ያለው ስዋን የሚባለው ሆቴል እንደዚህ ያሉ ቤቶች ተገጣጥመው የሆነ ነው። በአንዱ የመጠጥ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአቅራቢያው የነበሩ የአሜሪካ አየር ኃይል ልጆች የፈረሙት ፊርማ አለ። ቆሜ ሳነበው ልቤ ይነካል፤ ከመካከላቸው ያልተመለሱ ብዙ ናቸውና። ላቨንሃም ግን የባቡር ጣቢያ የላትም። ከሰድበሪ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ነው የሚገባው። መኪና ለሌለው ይሄ ትንሽ ያደክማል።

ሌላው የተረፈው ዓይነት የሠረገላ ማረፊያ ነው። ለአንቺ የሚሆንሽ እዚህ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ሰው ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄደው በፈረስ ሠረገላ ነበር። ፈረሶቹ ሲደክሙ በየመንገዱ ይቀየራሉ፤ ተሳፋሪው ይበላል፣ ያድራል። ከ1830ዎቹ ጀምሮ ባቡር ሲስፋፋ ይሄ ሥራ ባጭር ጊዜ ውስጥ ሞተ፤ ቤቶቹ ግን ቀሩ። ስታያቸው ትለያቸዋለሽ። ከመንገዱ በኩል ሠረገላ የሚያስገባ ትልቅ ቅስት በር አላቸው። በሩ ወደ ግቢ ያስገባል። በግቢው ዙሪያ ደግሞ የድሮው የፈረስ ጋጥ አለ።

ጋጡን ልብ በይ። በአብዛኞቹ ማረፊያዎች ዛሬ መኝታ ሆኗል። ዌብሳይቱ ላይ የምታዪው ፎቶ የዋናው ቤት ነው፤ የሚሰጥሽ ክፍል ግን ግቢው ውስጥ ወይም ጓሮ ያለው አኔክስ፣ ማለትም ከዋናው ቤት የተለየ ተጨማሪ ሕንፃ፣ ሊሆን ይችላል። አንድ ስሙን የማልጠራው ሆቴል የላክኋቸውን ባልና ሚስት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለ አዲስ ሕንፃ አሳድሯቸዋል። የከፈሉት ግን ለአሮጌው ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሰው ስይዝ «ክፍሉ የትኛው ሕንፃ ውስጥ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱን በኢሜይል ካላገኘሁ አልከፍልም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ለእናትሽ ግን ይሄው ጋጥ በረከት ሊሆን ይችላል። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ከመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ራቅ ይላል። ግድግዳው የድሮው ድንጋይ ከሆነ ደግሞ አሮጌነቱም አልቀረባችሁም። እዚያ ተኝታችሁ ራታችሁንና ሻያችሁን ዋናው ቤት፣ ያ ጥቁር የኦክ አግዳሚ ካለበት ጣሪያ ሥር አድርጉት። ላይኛው ፎቅ፣ ከቤቱ ክዳን ሥር ያሉትን ክፍሎች ግን በነሐሴ እንዳትይዢ። መስኮታቸው ትንሽ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ አብዛኛው ቤት የለውም፤ ሙቀት ከመጣ እንቅልፍ አይሰጡም።

አልጋውንም ጠይቂ። በአሮጌ ቤት ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ለባልና ሚስት የተዘጋጀ ነው። አራት ምሰሶና መጋረጃ ያለው ትልቅ አልጋ ለፎቶ ያምራል፤ ከፍታው ግን ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ችግር ነው። «ዚፕ ኤንድ ሊንክ አላችሁ?» በያቸው። ይሄ በዚፕ ተያይዞ አንድ የሚሆን፣ ሲፈታ ሁለት የሚሆን አልጋ ነው። ለይተው እንዲያነጥፉት ቀድመሽ ከነገርሻቸው ያደርጉታል። የመታጠቢያውን ነገርም አትርሺ። ብዙ ቦታ ሻወሩ ገንዳው ውስጥ ነው፤ ገብቶ ለመቆም እግር ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ከገንዳ የተለየ ሻወር ያለው ክፍል ጠይቂ።

ምግቡ ላይ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት የምትሄዱ ከሆነ ስትይዢ «ቬጋን» በያቸው። ይህችን ቃል ዛሬ ትንሹ የገጠር ፐብ እንኳ ያውቃታል። ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አይነካም ማለት መሆኑን ይረዳሉ። «ፋስቲንግ» ካልሽ ግን ጭራሽ የማትበሉ ይመስላቸዋል። ሜኑ ላይ አንድ የቬጋን ምግብ ብቻ ሊኖር ስለሚችል፣ ለሁለት ሌሊት ምን እንደሚያዘጋጁ ከመሄዳችሁ ጥቂት ቀናት በፊት ኩሽናውን አስጠይቂ። ብዙዎቹ ቀድመሽ ከነገርሻቸው በደስታ ይሠሩልሻል።

እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የገጠር ኩሽና ቀኑን ሙሉ ክፍት አይደለም። የምሳ ትዕዛዝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል ባለው ጊዜ ይቆማል። ራት የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አዲስ ትዕዛዝ የሚቀበል ኩሽና ብርቅ ነው። ሰኞ ደግሞ ጭራሽ የማያበስሉ አሉ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾማቸውን የሚፈቱበት ነገር ይዘሽ ሂጂ፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ፣ ፍራፍሬም ይሁን። ክፍሉ ውስጥ የውሃ ማፍያና ሻይ አይጠፋም። ቡናው ግን በከረጢት ያለው ኔስካፌ ዓይነት ነው፤ እናትሽ ቡና ወዳጅ ከሆኑ የራሳችሁን ያዙ። ቁርስ በዋጋው ውስጥ ከተካተተ እናትሽ ላይበሉት ለምን ትከፍያለሽ? የክፍሉን ብቻ ዋጋ ጠይቂ።

ከጾም ውጪ ብትሄዱም ቁርሱን ተጠንቀቁ። ቋሊማው በአብዛኛው የአሳማ ነው፣ ቤከኑም የአሳማ ነው። ያ ጥቁር ክብ ነገር ደግሞ ብላክ ፑዲንግ ይባላል፤ የሚሠራው ከአሳማ ደም ነው። እናትሽ ሳህን ላይ አይተውት «ይሄ ምንድን ነው?» ከማለታቸው በፊት እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ባቄላ ብቻ በተለየ መጥበሻ እንዲያደርጉላቸው ንገሪ።

ቀኑን በተመለከተ፦ ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ማግስት እንነሣ ካላችሁ የኦገስት መጨረሻ ሰኞ ባንክ ሆሊደይ የሚባለው የሕዝብ በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ገጠር ይወጣል። ዋጋው ይሰቀላል፣ ቅዳሜና እሁድን ነጥሎ አንድ ሌሊት የሚሸጥልሽም አታገኚም። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ብትሄዱ ይሻላል። ሰፋፊ መናፈሻ ያላቸው የድሮ መኳንንት ቤቶች፣ ካንትሪ ሀውስ ሆቴል የሚባሉት፣ በተለይ ቅዳሜ ሠርግ ይይዛቸዋል። ከመያዝሽ በፊት «ያን ቀን ሠርግ አለ ወይ?» ማለት ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ ኤልስበሪ አጠገብ ያለው ሃርትዌል ሀውስ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ከ1809 እስከ 1814 ተሰደው የኖሩበት ነው። ግርማው እውነት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ለሦስት ሌሊት ከምትከፍዪ አንድ ቀን ለሻይ ብቻ ብትሄዱ ይበቃችኋል።

ስለ ኮከቦቹ ብዙ አትጨነቂ። ኮከብ አገልግሎትንና ዕቃን ነው በዋናነት የሚመዝነው፤ ለቤቱ ውበት የሚሰጥ ኮከብ የለም። ኢን የሚባሉት፣ መጠጥ ቤትም ያላቸው ማረፊያዎች፣ ደግሞ ከሆቴል በተለየ ዘርፍ ነው የሚመዘኑት፤ ስለዚህ ባለ አራት ኮከብ ኢንና ባለ አራት ኮከብ ሆቴል አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። አልጋና ቁርስ ብቻ የሚሰጠው ቢ ኤንድ ቢም ጥሩ ነው፤ ግን ራት የለውም፤ መኪና ለሌለው ደግሞ በምሽት ምግብ ፍለጋ መውጣት ይከብዳል።

እንግዲህ እኔ የምልሽን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ምርጫዬ በሊንከንሸር ያለችው ስታምፎርድ ናት። ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ፒተርቦሮ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው፤ እዚያ ባቡር ትቀይራላችሁ፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ዋናው የሰሜን ባቡር መስመር በስታምፎርድ ሳይሆን በፒተርቦሮ በኩል ስለተዘረጋ ከተማዋ ሳትነካ ቀረች። ከዳር እስከ ዳር የድንጋይ ከተማ ናት። በ1967 በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ የቅርስ ጥበቃ ክልል ተብላ የተሰየመችው እሷ ናት። ጆርጅ የሚባለው ሆቴል ከጣቢያው አጭር የእግር መንገድ ነው፤ ሻንጣ ካለ ታክሲ ያዙ። ምልክቱ ከአንዱ የመንገድ ዳር እስከ ሌላው በተዘረጋ ትልቅ አግዳሚ ላይ ነው የተሰቀለው፤ መኪናው በሥሩ ያልፋል። ስትገቡ በግራና በቀኝ በእንጨት የተለበጡ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ የአንዱ በር «ለንደን» ይላል፣ የሌላው «ዮርክ»። ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገደኛ በአንዱ፣ ወደ ሰሜን የሚሄደው በሌላው ተቀምጦ ሠረገላው እስኪዘጋጅ ይጠብቅ ነበር። እናትሽ እዚያ ገብተው ቁጭ ይበሉ፤ ማንም ሳያስረዳቸው ቤቱ ምን እንደነበር ይገባቸዋል። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዋና አማካሪ ዊሊያም ሴሲል ያሠሩት በርግሊ ሀውስም ከከተማዋ ዳር ነው፤ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስትደውዪ ግቢው በኩል ያለ፣ ደረጃው ያነሰ ክፍል ጠይቂ። የመንገዱ በኩል መኪና ይበዛበታል።

ሁለተኛው ምርጫዬ ግሬት ሞልቨርን ነው፤ ምክንያቱም የኛ ታሪክ አለበት። ግርማዊ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩት ባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሀውስ ነበር፤ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ኖረውበታል፤ በ1958 ደግሞ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጥተውታል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ሞልቨርን እየሄዱ አቢ ሆቴል ያርፉ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የልጅ ልጆቻቸውና የባለሥልጣኖቻቸው ሴቶች ልጆች እዚያው ሞልቨርን ክላረንደን በሚባል ትምህርት ቤት ተምረዋል። ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ሳትቀይሩ የምትደርሱበት ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። እናትሽ የዚያ ዘመን ወሬ ሲወራ ያደጉ ከሆነ ይሄን ጉዞ ከሁሉ በላይ ይወዱታል። ከተማዋ ግን የተራራ ወገብ ላይ ናት፤ መንገዷ ዳገት ነው። ከጣቢያ እስከ ሆቴል በታክሲ ነው፤ ከሰዓት በኋላም በእግር ብዙ አታስቢ።

እናትሽ ይበልጥ የሚያስደስታቸው የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ጉልበታቸውን አስቤ ነው ስታምፎርድን ያስቀደምኩት። ጃንሆይን ሲያነሱ ዓይናቸው የሚበራ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ሞልቨርን ውሰጃቸው፤ ለታክሲ የሚወጣው ወጪ አይቆጭሽም።

ባቡሩን ቀድመሽ ግዢ። ለሁለታችሁ ቱ ቱጌዘር የሚባለውን ሬይልካርድ፣ የባቡር ቅናሽ ካርድ፣ አውጪ፤ አብራችሁ እስከተጓዛችሁ ድረስ ከሁለታችሁም ቲኬት ላይ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። የእናትሽ ፎቶ ስለሚያስፈልግ ከመምጣታቸው በፊት በቫይበር ወይም በቴሌግራም ይላኩልሽ። ካርዱ በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት አይሠራም፤ እሱም ደግሞ ይስማማችኋል፤ ጠዋት ተረጋግታችሁ ተነሥታችሁ ቀትር ላይ ደርሳችሁ፣ ክፍሉ እስኪዘጋጅ ሻንጣችሁን ሪሴፕሽን ትታችሁ መቀመጥ ነው።